ዝንቡ ሲሄድ ቢንቢዋ ትመጣለች

ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ቢንቢ ምንም አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። ከተማችን ከባህር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ማታ ከብርድ ልብስ ውስጥ አፍንጫውን የሚያወጣ ሰው እንኳ ደፋር ይባላል። ቢንቢ እዚህ ምን ልትሠራ ትመጣለች? ዝንብን ግን እናውቃለን። በግ ባለበት ሁሉ ዝንብ አለ።

ባለፈው ጥቅምት እቴቴ ደወለችልኝ። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ባሏን ተከትላ ሸዋ ሮቢት ከወረደች ብዙ ዘመኗ ነው። የሚካኤል ማህበር ተራዋ ደርሷል። "ወንድ ልጅ የለኝ፣ ዳስ የሚተክልልኝ የለ። ና አግዘኝ" አለችኝ። አስፈቅጄ 11 ቀን ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለቱ ከተሞች መሀል 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግን ጣርማ በርን አልፈህ፣ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ሾልከህ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተህ ቁልቁለቱን ስትያያዘው፣ በየኩርባው አንድ ልብስ ታወልቃለህ። እኔ ጃኬቴን ደብረ ሲና፣ ሹራቤን አርማንያ ላይ አወለቅኩ። ሮቢት ስደርስ የሚወልቅ ነገር ጨርሻለሁ። እዚያ ከፍታው 1,280 ሜትር ገደማ ነው። ማንጎውና የሽንኩርት እርሻው የሚያምርበት፣ ውሃውም ሙቀቱም ያለበት አገር ነው። ለማንጎ የተመቸው ደግሞ ለወባ ትንኝም ይመቻታል።

አያቴ "ቆላ ይወረዳል እንጂ አይታደርም" ትል ነበር። የድሮ ሰው ቆላ ወርዶ ያርሳል፣ ይሸምታል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ደጋው ይመለሳል። ቢንቢዋ ወባ እንደምታመጣ ላያውቅ ይችላል። የሚነክሰው ነገር ከመሸ እንደሚመጣ ግን ደርሶበታል። ደጋ ላይ መቀመጥም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም። በፈረንጆቹ 1958 የተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ተጽፏል። ያን ጊዜ ክፉኛ የተመታው ወባን የማይለምደው፣ ከቆላው ከፍ ብሎ የሚኖረው ሕዝብ ነበር።

እኔ ግን ተዘጋጅቼ ነው የወረድኩት። ቢያንስ ለራሴ እንደዚያ መስሎኛል። ከመሄዴ በፊት ሦስት ምሽት ስልኬ ላይ አፍጥጬ "ቤት ውስጥ ባሉ ነገሮች ዝንብና ትንኝ ማባረሪያ" የሚባለውን ሁሉ አነበብኩ። ሎሚ ለሁለት ቆርጠህ ቅርንፉድ ሰካበት። ጤና አዳም ጨምቀህ ተቀባ። ነጭ ሽንኩርት ዘፍዝፈህ እርጭ። ውሃ በላስቲክ ቋጥረህ በር ላይ ስቀል። ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ኪሎ ሎሚ፣ አንድ እፍኝ ቅርንፉድና አንድ እቅፍ ጤና አዳም ይዤ ስገባ እቴቴ በሳቅ ሞተች። "ይሄን ሁሉ ቅመም ለማን ነው? ለሚካኤል ወይስ ለዝንቡ?"

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከባሏ ከጋሼ ጋር ዳስ ስንተክል ዋልን። ከመጀመራችን በፊት ጤና አዳሙን ወቅጬ በሎሚ አሸሁትና ሁለቱንም ክንዴን፣ አንገቴንም ጭምር በደንብ ተቀባሁት። ሽታው ደስ ይላል፣ ቡና ላይ የተንሳፈፈ ጤና አዳም ነው። ጋሼ አየት አድርገውኝ "ምነው ልጄ፣ ልትቀቀል ነው?" አሉኝ። ሸሚዜን ሰብስቤ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ፀሐይ ላይ ቋሚ ስቸክል፣ ሸራ ስወጥር ቆየሁ። ምን እንደተከተለ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ማህበርተኞቹ ከቀትር በኋላ መጡ። ቄሱ መጡ፣ ተጸለየ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ጠላው ሲዞር ዝንቡ መጣ። ቃል በቃል ነው የምላችሁ፤ አንድ ሰው የጠራው ይመስል ከከብቱ በረት ተነስቶ ዳሱ ስር ገባ። ጠረጴዛው ላይ የደረደርኳቸው ስድስት ግማሽ ሎሚዎች ቅርንፉዳቸውን እንደ ጃርት አቁመው ተቀምጠዋል። አንዱ ዝንብ መጣና ከሁለት ቅርንፉድ መሀል አረፈ። እግሩን አሻሸ፣ ክንፉን ጠረገ፣ ተመቻቸ። ከዚያ ሌላው መጣ። አንዲት እናት ጠላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው "ይሄ ምግብ ነው ጌጥ?" ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው?

ዝንብ የሚያርፍበትን የሚቀምሰው በእግሩ ነው። ጠጣር ነገር ስለማይችል ምራቁን ተፍቶበት፣ አሟሙቶ ይመጠዋል። ያውም ከበረት ወይም ከመጸዳጃ ቤት ተነስቶ መጥቶ ነው። እኛ አገር ደግሞ የሕፃን ዓይን ላይ ሲያርፍ ትራኮማ የሚባለውን የዓይን በሽታ ከልጅ ወደ ልጅ ያመላልሳል። ስለዚህ ነገሩ ጠላ ውስጥ መውደቁ ብቻ አይደለም።

እቴቴ ዝም ብላ ስታየኝ ቆይታ ተነሳች። ያደረገችውን በዝርዝር ልጻፈው፤ ከሄድኩበት ጉዳይ ሁሉ ያተረፍኩት እሱን ነው።

መጀመሪያ ጓዳ ገብታ የጠላ አተላ በባልዲ ይዛ ወጣች። ዳሱ አጠገብ ሳይሆን ግቢው ጥግ፣ ከአጥሩ ስር፣ ከበረቱ ወዲህ ባለው ቦታ አስቀመጠችው። "እንግዳ የራሱ ድግስ ካለው የሰው ድግስ ላይ አይመጣም" አለችኝ። እኔ በበኩሌ አንድ ሃይላንድ ከአንገቱ በታች ቆርጬ፣ የላይኛውን ገልብጬ እንደ ማጥለያ ከታችኛው ውስጥ ከተትኩትና አተላውን ጨመርኩበት። ዝንቡ ሽታውን ተከትሎ በሰፊው ይገባል፣ መውጫዋ ጠባብ ቀዳዳ ትጠፋዋለች። ከስልኬ ከለቀምኩት ሁሉ የሠራው ይሄ ብቻ ነው። የሠራው ደግሞ እቴቴ በመረጠችው ቦታ ላይ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው ይህን ወጥመድ ምግቡ አጠገብ ያስቀምጠዋል። የሩቁን ዝንብ ጠርቶ ማዕድ ላይ ማስቀመጥ ማለት እኮ ነው!

ሁለተኛ፣ ከሳሎን ቬንትሌተሩን በረጅም ገመድ አስወጣችና ማዕዱ ላይ አዞረችው። ይሄን ሳይ ትንሽ አፈርኩ። እኔ ቅርንፉድ ስሰካ የዋልኩት ቬንትሌተር እያለ ነው። ዝንብ ነፋስ ባለበት ተረጋግቶ ማረፍ ይቸግረዋል፤ ቢንቢ ደግሞ ጭራሽ በራሪ ተብላ የምትቆጠር አይደለችም፣ ትንሽ ነፋስ ይገፋታል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ግን ይሄ ዘዴ የለም። መብራት ደግሞ ይጠፋል። ለዚያ ቀን ጋሼ የፈረስ ጭራቸው አለች። እሷን ይዘው ቄሱ አጠገብ ተቀምጠው ግራ ቀኝ ሲሉ የአገር ሽማግሌ ሳይሆኑ ፊታውራሪ ነበር የሚመስሉት።

የላስቲክ ውሃውስ? በበሩ ጉበን ላይ ሁለት ሰቅዬ ነበር። የሮቢት ፍራፍሬ ሻጮችም እንደሚሰቅሉት አይቻለሁ። ዝንቡ ላስቲኩ ላይ አርፎ ውሃውን ሲመለከት አገኘሁት። ሌላ የምለው የለኝም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዝንቡ ተበተነ። ዝንብ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሲጨልም ጣሪያና ቅጠል ላይ ይሰፍራል። ግቢው ጸጥ አለ፣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ እኔም "እፎይ" አልኩ። እቴቴ ግን "ተዘጋጅ፣ አሁን ተረኛዋ ትመጣለች" አለችኝ። እውነትም ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጆሮዬ ስር ያቺ ቀጭን ድምፅ።

የምትነክሰው እንስቷ ብቻ ናት፤ ለእንቁላሏ ደም ያስፈልጋታል። የምታገኝህ በትንፋሽህና በላብህ ሽታ ነው። እኛ አገር ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አረቢየንሲስ የምትባለው ዝርያ ደግሞ ቤት ውስጥ አጎበር ስር እስክትገባ አትጠብቅህም። ገና ደጅ ቁጭ ብለህ ቡና ስትጠጣ ትጀምራለች። የሮቢት ሰው በምሽት ደጅ ነው የሚቀመጠው፤ ቤቱ ይሞቃል። አጎበር ያለው አልጋው ላይ፣ ሰውየው ያለው ማንጎው ስር። ስለ ጓሮ ቅጠልና ስለ ጭስ መጻፌም ለዚህ ነው፤ በዚያች በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ ሌላ ምን አለህ?

እቴቴ ያላት ጥንጁት ነው። ከሰባራ እንስራ የተረፈ ሰፊ ገል አላት። ከምድጃው ፍም አወጣችና ገሉ ላይ ዘረጋችው። ፍሙ ላይ አንድ ቁራሽ ኩበት አስቀመጠች፤ ኩበቱ እንዲነድ ሳይሆን እንዲጤስ በአመድ ጀርባውን አለበሰችው። ጭሱ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ከጥንጁቱ እሽግ ሦስት ጭራሮ ሰበረችና ከነቅጠሉ አጋደመችው። ደረቅ አይደለም፣ እርጥብም አይደለም፤ ጠውለግ ያለ ነው። "ከደረቀ ይነዳል፣ እርጥብ ከሆነ ዓይን ያወጣል።" ከዚያ ገሉን አንስታ ከመሀላችን አላደረገችውም። የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ አንስታ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አየች። ገሉን ከእኛ አምስት እርምጃ ርቃ ከወንዙ በኩል አስቀመጠችው። ጭሱ መሬት መሬቱን ተኝቶ መጣና በእግራችን ስር አለፈ። ቢንቢ ቁርጭምጭሚት ትወዳለች። ጭሱም የሄደው እዚያው ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ይሄን ነው፤ ዓይኔን ሳያስለቅሰኝ የሚሠራ ጭስ። እኛ ቤት ጥንጁት የወተት ዕቃ ማጠኛ ነው፣ ወይራ ደግሞ የጠላ ጋን። እዚህ ሁለቱም ሌላ ሥራ አላቸው። ጥንጁት ካለቀ ወይራ፣ ወይራ ካጣች ደግሞ የደረቀ የቡና አተላ ፍሙ ላይ ትበትናለች። የቡናውን ግን "ሽታው ለእኛ ነው፣ ለሷ ብዙም አይደለም" ብላ ንቃዋለች። የእንቁላል ካርቶን የሚያቃጥሉም ጎረቤቶች አሏት። ያንን አልወደድኩትም፤ ቀለሙና ሙጫው ሲጤስ ሳንባ ውስጥ የሚገባው ምን እንደሆነ እንጃ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓመታት በፊት ጥንጁትን፣ ወይራን፣ ዳማ ከሴንና ሽቶ ባህር ዛፍን በዚህችው ወባ አስተላላፊ ትንኝ ላይ ፈትነዋቸው፣ ጭሳቸው እንደሚያባርራት አይተዋል። ለእቴቴ ስነግራት "እሷ መባረሯን ለማየት ጅማ መሄድ ነበረብኝ?" አለችኝ። ጭሱ የላባችንን ሽታ ይሸፍንባታል፣ መንገዷን ያስታታል። አይገድላትም። ፍሙ ሲጠፋ ተመልሳ ትመጣለች። ቤት ውስጥ ደግሞ በር ዘግቶ ማጤስ ለሕፃን ሳንባ መርዝ ነው፤ እቴቴ ጥንጁቷን ከደጅ አሳልፋ አታውቅም።

እኔ ግን አልበቃኝም። በማግስቱ ምሽት ፈተና አወጣሁ። ጎረቤት ግቢ ሽቶ ባህር ዛፍ አለ፤ ቅጠሉን ስታሸው ሎሚ ሎሚ የሚለው። እፍኝ ቅጠል ከኑግ ዘይት ጋር በለሆሳስ አሞቅሁና አጠለልኩት። ግራ እግሬን ተቀባሁ፣ ቀኜን ተውኩት። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ጭሱ ከማይደርስበት ቦታ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት ቀኝ እግሬ ላይ ሰባት፣ ግራዬ ላይ አንዲት። ልቤ በደስታ ዘለለ። ከተቀባሁ አንድ ሰዓት ሲጠጋ ግን ግራና ቀኝ መለየቱን ተወችው። ጋሼ ከውስጥ ወጥተው ሲያዩኝ "ወባን በቁጥር ነው የምትፈልጋት?" ብለው ተቆጡኝ። ልክ ናቸው፤ የሞኝ ፈተና ነበር። እሳቸው መስከረም ላይ ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ ወባ ይዟቸው ሳምንት ሙሉ ተኝተዋል።

ቅጠሉ እንዲህ ቶሎ የሚከዳው ሽታው ቶሎ ስለሚተን ነው። ከዚሁ ዛፍ ዘይት ተጣርቶ የሚወጣ፣ ፒኤምዲ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። እሱ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ቆዳ ላይ ለሰዓታት ይቆያል፣ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን አይመከርም። እኔ ድስት ላይ ያሞቅኩት ኑግ ያ አይደለም። ስሙ አንድ ስለሆነ ሥራውም አንድ ይመስለናል። ጭቁኝና አሪቲም እንዲሁ ናቸው። የሁለቱ ዘመድ ከሆነችው የቻይና ተክል የወባ መድኃኒት አርቴሚሲኒን ወጥቶ፣ ቱ ዮዮ በ2015 ኖቤል ተሸልማበታለች። ያ ማለት ግን የጓሮ አሪቲ ቀቅሎ ጠጥቶ ወባ ይድናል ማለት አይደለም። ይህን የምለው "ሞክረው" ያለኝ ሰው ስላለ ነው።

አሁን ወደ ክንዴ ልመለስ። በዚያው ፈተና ባደረግሁበት ሌሊት ክንዴ ሲያቃጥለኝ ነቃሁ። ጠዋት ሳየው ቀይ ግርፋት አለበት፤ ጣቶቼ የሄዱበት መስመር ሁሉ፣ አንገቴም ጭምር። በማግስቱ ውሃ ቋጠረ። እሳት የላሰኝ ይመስላል። የሰፈሩ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለሌላ ጉዳይ ግቢ ገብታ አየችኝና "ምን ተቀባህ?" አለች። ነገርኳት። "ሎሚና ጤና አዳም ከፀሐይ ጋር አይስማሙም። ከተቀባህ ጥላ ውስጥ ተቀመጥ፣ ፀሐይ ከወጣህ አትቀባ።" ሁለቱም ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባል ነገር አለ፤ ብርሃን ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል። እኔ ደግሞ ሁለቱን ቀላቅዬ፣ በሮቢት ፀሐይ፣ አራት ሰዓት ሙሉ። ያነበብኳቸው መልእክቶች ውስጥ አንዱም ይህን አላለም። "ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም" ነበር የሚሉት። እሬትም ተፈጥሯዊ ነው፣ እባብም።

ባለሙያዋ የመጣችበት ጉዳይ ከጓሮ ነበር። እቴቴ ለኪራይ የምትሠራው አንድ ክፍል አለ፤ ለግድግዳው ጭቃ የተቦካበት ጉድጓድ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይዞ ቆይቷል። አንድ ሰው ቢተኛበት የሚያክል ነው። ወስዳ አሳየችኝና "ጎንበስ ብለህ እይ" አለችኝ። ውሃው ንጹህ ነው፤ ከላዩ ፀሐይ አርፎበታል። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ቆይቶ አመድ የመሰሉ ቀጫጭን ጭረቶች ታዩኝ፣ ከውሃው ገጽ ጋር ተጋድመው የተኙ። እጄን ሳንቀሳቅስ ጥላው ሲያርፍባቸው ብድግ ብለው ወደ ታች ሸሹ። "የቆሸሸ ውሃ ውስጥ ያሉት ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው ነው የሚንጠለጠሉት። እነዚህ ተጋድመዋል አይደል? የወባዎቹ ናቸው።" በዚህ ሙቀት ከእንቁላል ወጥተው ለመብረር ሁለት ሳምንት አይፈጅባቸውም። ሦስት ምሽት ስንከላከላት የነበረችው ቢንቢ የመጣችው ከወንዙ በኩል መስሎን ነበር። ጥንጁቱን ያስቀመጥነውም ወደዚያ ነው። የተፈለፈለችው ግን ከጀርባችን፣ ከወጥ ቤቱ አሥር እርምጃ ላይ።

እቴቴ ዝም አለች። ከዚያ "ጭቃው ገና ለልስን ይፈለጋል እያልኩ እኮ ነው ያቆየሁት" አለች፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ። ጋሼ ምንም ሳይሉ አካፋ ይዘው መጡ።

ያን ቀን ጉድጓዱን ስንሞላ ዋልን። አፈር፣ ሰባራ ብሎኬት፣ የተረፈ ድንጋይ። ክንዴን በነጠላ ጠቅልዬ ነው የምሠራው፤ ላብ ሲነካው እንደ በርበሬ ነው። ግማሽ ላይ ስንደርስ ጋሼ አካፋውን ነጥቀውኝ ጥላ ስር አስቀመጡኝ።

በነጋታው እቴቴ መናኸሪያ ሸኘችኝ። በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ እሽግ ጥንጁት ብብቴ ስር ወሸቀችልኝ። "ለእናትህ ስጣት፣ የወተት ዕቃዋን ትጠንበት።" ረዳቱ "ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን!" እያለ በሩን ሲደበድብ በመስኮቱ ብቅ አልኩና ሻንጣዬ ውስጥ ሎሚ ቀርቶ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ጨምቄ ጠጥቼዋለሁ" አለች። "ጥላ ስር ሆኜ።"